የማጠቢያው ዳር

የካተሩን ስለት ከማጠቢያው ጠርዝ ሥር አስገብታ ሳብ ስታደርገው፣ ትናንት በገዛ እጇ የቀባችው የውሃ ማሸጊያ ሲሊኮን እንደ ላስቲክ ተወጥሮ ተነሳ። አንድም ቦታ አልተበጠሰም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር። ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

የትምህርት ቤቱ ኩሽና አዲስ ነው፤ ሦስት ማጠቢያ የተገጠመበት፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ ዳቦ የሚቆረጥበት ወፍራም ሰሌዳ። ነገ አራት መቶ ልጆች ቁርሳቸውን ከዚህ ይበላሉ። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ስትሰበስብ ነበር ባዶዎቹን የሲሊኮን ቀፎዎች ልብ ብላ ያየቻቸው። ካርቶኑ እሷ የመረጠችው፣ ለምግብ ቦታ የሚሆነው ዓይነት ነው። ቀፎዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ጀርባቸው ላይ በደቃቅ ፊደል «ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት፤ ሻጋታ የሚያጠፋ ኬሚካል አለው፤ ምግብ በሚነካው ቦታ አይጠቀሙ» ይላል።

ትናንት ከካርቶኑ እያወጣች የሲሊኮን መቀቢያው ሽጉጥ ላይ ስትሰካ፣ አንዱንም ገልብጣ አላነበበችም። ሥራውን የተኮናተረው አጎቷ በየሥራ ቦታው የሚጠራት «ሚሊሜትር» እያለ ነው። ሚሊሜትር የጠርዙን ስፋት ሦስት ጊዜ ለክታ፣ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ሳታነብ ቀርታለች።

አጎቷ የርክክቡን ፎርም ብብቱ ሥር ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ነጭ ክምር ሲያይ ቆመ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“እያነሳሁት ነው።”

ቀፎውን አሳየችው። አላነበበውም፤ የሚያውቀውን ምን ብሎ ያነበዋል። እሷ የመረጠችው ከሱቁ አልቆ ነበር። ሻጩ ይኼኛው ሻጋታ ስለማያስጠጋ እንደውም ይሻላል አለው። እሷ እንዳትነዘንዘው ብሎ በአሮጌው ካርቶን ከቶ አመጣው። ይህን ሁሉ ሲነግራት ውለታ የዋለ ሰው ይመስል ነበር።

“ጋሼ፣ ሻጋታ የሚገድለው እኮ መርዝ ስለሆነ ነው። ቀስ እያለ ይወጣል። እዚህ ላይ ሊጥ ይታሻል፣ ዳቦ ይቆረጣል።”

“እና ሊጡ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሊያድር ነው? ይኼም ነጭ፣ ያም ነጭ። ማን ያየዋል?”

“እኔ አይቼዋለሁ።”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት ስትቀመጥ እናቷ ለምና የላከቻት ወደ እሱ እንደሆነ፣ ሽጉጥ አያያዝ ያስተማራት እሱ እንደሆነ፣ ይህ ርክክብ ከተበላሸ የሌሎቹን ሁለት ትምህርት ቤቶች ሥራ ሌላ ሰው እንደሚወስደው ነገራት። ሁሉም እውነት ነበር። እየሰማችው ሁለተኛውን ማጠቢያ ጨረሰች።

የኩሽናው ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ። አጎቷ ቀደማት።

“ትንሽ ማስተካከያ ናት፣ እትዬ። ይህቺ ልጅ አንዱን ሥራ ሁለቴ ካልሠራችው እንቅልፍ አይወስዳትም።”

ሴትየዋ ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግ ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ቀፎውን ዘረጋችላቸው።

“ጀርባውን ያንብቡት፣ እትዬ።”

መነጽራቸውን አውርደው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“የቀባው ማነው?”

“ሠራተኞቹ ናቸው፣ እንግዲህ ስህተት . . .” ማለት ጀመረ አጎቷ።

“እኔ ነኝ” አለች። “ሳላነብ ቀባሁት። ሁሉም መነሳት አለበት። ትክክለኛው ከተቀባ በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ እንዳይነካው።”

“ነገ አራት መቶ ልጅ ምን ላብላ ታዲያ?”

ትንሽ አሰበች። “እዚህ ያልተቆረጠ ነገር።”

አጎቷ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። የተናገረው ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር።

“ሽጉጡን አስቀምጪና ውጪ። ዕቃው የኔ ነው።”

ሽጉጡን ከቦርሳዋ አወጣች። አፉ ላይ የደረቀውን ሲሊኮን እንደ ወትሮው በጨርቅ ጠርጋ፣ ፎርሙ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችለት።

“ካተሩ ግን የራሴ ነው፣ ጋሼ።”

ወደ ሦስተኛው ማጠቢያ ሄዳ ተንበረከከች። ኃላፊዋ የዳቦ መቁረጫውን ሰሌዳ በሁለት እጃቸው አንስተው ከፊቷ ገለል አደረጉላት። እሷም የካተሩን የደነዘ ጫፍ ቀጭ አድርጋ ሰበረችና አዲሱን ስለት ከጠርዙ ሥር አስገባች።