ደብተሩ የቆመበት ገጽ

ደብተርሽን ለታናሽ እህትሽ ስጪያት፣ ላንቺ ከእንግዲህ ምን ይሠራልሻል፣ ያለኝ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው፣ ያኔ፣ ሆዴን ላለማየት መስኮቱን እያየ፣ እኔም እሺ ብዬ ሰጠኋት፣ የዚያ ሆድ ልጅ ዛሬ አንደኛ ክፍል ገብቷል፣ አሁን ለምን ትዝ ይለኛል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ስክሪን ጥግ ላይ የተራዬ ደቂቃ እየወረደ ነው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ጥናት፣ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ጥናት ያላመጣ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል ብሏል የአሁኑ መምህሬ፣ እኔ መሰረዝን አውቀዋለሁ።

ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች። አትንቂብኝ። ካለቀሰች ሁለታችሁም ትወጣላችሁ፣ ብሎኛል ጥበቃው፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን ደግነቱ እስክታለቅስ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ እጽፋለሁ፣ እባክዎን ሴት ተማሪዎች ከወለዱ በኋላ ትምህርት ለምን እንደሚያቋርጡ የሚያስረዳ ጥናት ቢፈልጉልኝ፣ ምንም ውጤት አልተገኘም። ደፍሬ ይሆን፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር የሚል እጨምርበታለሁ። ምንም። እንዴት ምንም፣ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የወለድኩት።

ኧረ የኔ እናት፣ ትላለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና፣ ማመልከቻ ነው እንዴ የምትጽፊው፣ ይሄ ዳታቤዝ ነው፣ የጥናት ማከማቻ፣ አንቱታ አይገባውም፣ ሥጋውን ጣይና አጥንቱን ስጪው፣ ሦስት ቃል።

ወሊድ፣ ሴት ተማሪ፣ ማቋረጥ። ይኸው አጥንቴ። አርባ አንድ ሺህ ውጤት። አርባ አንድ ሺህ! የጋዜጣ ወሬውም አብሮ ነዋ፣ ትላለች፣ በባለሙያ የተገመገመ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ፣ ምሁሩን ሌላ ምሁር ፈትኖ ያሳለፈው ማለት ነው፣ ዓመቱንም አጥብቢው፣ ብላኝ ሄደች። ሦስት መቶ ስድስት። ሰባት ደቂቃ።

ኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እህት፣ አልጨረሽም? ትንሽ ነው ወንድሜ፣ ትንሽ።

የመጀመሪያውን እከፍታለሁ፣ ከወለዱት አብዛኞቹ አይመለሱም ይላል። ሁለተኛው፣ አይመለሱም። ስለ እኔ ነው፣ በሠንጠረዥ፣ እኔን ሳያዩ፣ መስኮቱን እያዩ፣ ውሸት አይደለም፣ ግን እዚህ የተቀመጥኩት ማን ነኝ ታዲያ፣ ሦስተኛውም እዚያው ከሥሩ አለ፣ አንድ ጊዜ መጫን ነው፣ አራት ደቂቃ፣ ትንሿ ትንፈራገጣለች፣ እሹሩሩ፣ ሞኝ አትሁኚ፣ ያገኘሽውን ይዘሽ ውጪ፣ ጣቴ ግን ማቋረጥ የሚለውን ያጠፋዋል። መመለስ፣ እጽፋለሁ። የፍለጋው ክብ ይሽከረከራል። ይሽከረከራል። ምንም ቢለኝስ

ዘጠኝ።

ለሚያቋርጡት ሦስት መቶ ስድስት፣ ለሚመለሱት ዘጠኝ፣ ዘጠኝም ቁጥር ነው፣ እከፍታለሁ፣ ሙሉ ጽሑፉ አለ፣ ወልደው ወደ ክፍል የተመለሱ ሃያ ሦስት ሴቶች ተጠይቀው፣ አንዷ፣ ወንበሩ ጠቦኝ ነበር ትላለች። ወንበሩ ጠቦኝ ነበር። እኔንም፣ እህቴ፣ እኔንም።

ሁለት ደቂቃ። ትንሿ ዓይኗን ገልጣለች፣ ልታለቅስ ነው፣ ቆይ የኔ ዓለም፣ ቆይ፣ በአንድ እጄ ደረቴ ላይ እያስጠጋኋት በሌላው ደብተሩን ከቦርሳ አወጣለሁ፣ ያንኑ፣ እህቴ አንድ መስመር ሳትጽፍበት እስካሁን አስቀምጣ፣ ያንቺ ነው ብላ ባለፈው ወር የመለሰችልኝን፣ የያኔው ጽሑፌ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ የቆመበትን ገጽ እገልጣለሁ፣ ከሥሩ የሦስቱን ጥናት ርዕስ እገለብጣለሁ፣ ስለ ተመለሱት የሚለውን አንደኛ አድርጌ።