ልክ ሆነለት

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ምራታቸው ወደ ፍራሹ ስትመጣ ባዩ ጊዜ ቀኝ እግራቸውን ዘረጉ።

ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን አሞት እግር መዘርጋትና ሰው እንዳይቀመጥ ብሎ እግር መዘርጋት ይለያያል፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይህን ለመለየት መነጽር አያስፈልገውም። ዕፀገነት ፍራሹ ጫፍ ላይ ቆመች። ባሏ ሰይፈሚካኤል የተቀበረው ትናንት ነው። የሟች ሚስት ቦታዋ ከሟች እናት ጎን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ግን ጥቁር ካልሲ ያጠለቀ እግር ተጋድሟል።

«እማማ፣ ትንሽ ቢሰበስቡልኝ» አለች ዝቅ ብላ።

«ጉልበቴን ነው» አሉ ሳያዩዋት። «እዚያ ወንበር ሞልቷል። እናንተማ የለመዳችሁት ወንበር ነው።»

ዕፀገነት ድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ሄዳ የእድሩ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ልክ እንደ ሩቅ ለቀስተኛ፣ ጠርዙ ላይ።

ጎረቤታቸው ሮማን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ኧረ ወለቴ፣ ሰው ያያል» አለች።

«ይይ። እኔ ያየሁትን አያይም።»

ከሁሉ ከሁሉ ያልወጣላቸው የስልኩ ነገር ነው። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ ጎረቤት አስቀድሞ ተነግሮት ደጅ ይቆማል፤ አንዱ ይዞ አንዱ ይናገራል፤ የሚወድቅ ሰው የሚደግፈው ክንድ ያገኛል። ዕፀገነትስ? በጠራራ ፀሐይ፣ ምስር እየለቀሙ ሳሉ ከጀርመን ደወለች። «እማማ፣ ሰው አጠገብዎ አለ?» አለች። «ሞልቷል» አሏት። ልጃቸውና ምራታቸው ብቻዋን ናት ብለው እንዳይጨነቁ ሁልጊዜም መልሳቸው «ሞልቷል» ነው፤ አጠገባቸው የነበሩት ግን ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። «ሰይፉ ሞተ» አለች። አረፈ እንኳ አላለችም። ለውሻም እንዲህ አይነገርም። ወድቀው ሲነሱ ምስሩን ዶሮ ጨርሶታል።

ጀርመንም የሄዱት በእሷ ነው። ነርስ ናት፤ ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት ሥራ አገኘችና ባሏን አስከትላ ሄደች። ሰይፉ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የነበረውን የቀለም ሱቅ ዘግቶ፣ «እማዬ፣ ጥቂት ዓመት ነው» አላቸው። እዚያ ሲደርስ ቋንቋ ካልተማርክ ሥራ የለም ተባለ። እሷ ሥራ፣ እሱ ቤት። በስልኩ መስኮት ሲያዩት ድንች ይልጣል። ሲያዩት ልብስ ያጥፋል። እሳቸውን ይቆጫቸው ነበር፤ እሱ ግን ሁሉን ነገር ቀልድ ያደርገዋል።

«እማዬ፣ እዚህ አገር ድምፁ ይረብሻል ተብሎ እሁድ ቀን ጠርሙስ አይጣልም። ስጥል አንዲት ሴትዮ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ተከትላ ሰደበችኝ።»

«ምን ብላ?»

«እንጃ፣ ትምህርቱ ገና እዚያ አልደረሰም።»

በኋላ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ። አንድ ጠዋት ወደዚያው ሊሄድ ባቡር ሲጠብቅ፣ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመች። የተኛ መስሏቸው ስንቱ በፊቱ አለፈ። ይህን ሲያስቡ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የዚያን አገር ሰው ሁሉ ይጠሉታል፤ የዚያ አገር ሰው ደግሞ እዚህ ስለሌለ ጥላቻው ዞሮ ዕፀገነት ላይ ያርፋል።

ልጅቷን ግን አይጠሉም። የሰይፉን ልጅ ሃሴትን እንዴት ብለው። ጥርሷን ገና አልነቀለችም፤ ስትስቅ በአፍንጫዋ ነው፤ ልክ እንደ አባቷ። ትልቅ ሰው ሁሉ «አንቺ» እና «አንተ» ነው ለእሷ፤ አማርኛዋን የተማረችው ቤት ውስጥ ከሁለት ሰው ብቻ ነዋ። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሴቶቹ መሃል ቆማ በጠራ ድምፅ፣ «አባቢ ሞቷል። ሳጥን ውስጥ ነው» ስትል፣ ድንኳኑ እንዳለ ተሳቀቀ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ብድግ አድርገው ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ? አባትሽ ሻሸመኔ ሄዷል። ይመጣል።»

ሃሴት አሰበችበት። «ሻሸመኔ ሩቅ ነው?»

«ምን ርቀት አለው! እዚሁ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከግቢው በር አልተነቃነቀችም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ትነሳለች። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ የሐይቅ ወፍ አጥሩ ላይ ረጅም አንገቱን ቀብሮ ይቆማል፤ እሷም ከሥሩ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች።

በቀብሩ ማግሥት ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ዕፀገነት መኝታ ቤት ድረስ ተከትላቸው ገባችና በሩን ዘጋች።

«ልጄን ምን አሏት?»

«ለዕድሜዋ የሚሆን ነገር።»

«ምሳዋን ግማሹን ለአባቢ ብላ አስቀመጠች። እኔ እዚያ አብሬያት አልቅሼ፣ አስረድቼ ነው ያመጣኋት።»

«ማስረዳትማ ታውቂበታለሽ። እኔንም አስረድተሽኛል፣ በስልክ።»

«እኔ ብነግራት ከእንግዲህ አታምነኝም። አያቴ ይመጣል ብላለች ትለኛለች። እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ካልነገሯት ነገ ከሳልስቱ በኋላ ይዣት እሄዳለሁ፤ ድምጿንም ሁለተኛ አይሰሙም።»

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የሰይፉ ሳቅ ያለው አሁን በዚያች ልጅ አፍንጫ ውስጥ ብቻ ነው። «ልጄን ወስደሽ በሳጥን መለስሽልኝ» አሉ። «አሁን ደግሞ የቀረችኝን ልትወስጂ ነው። ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ አንቺ?»

ዕፀገነት የልጅቷን ሹራብ ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና እንደቆመች ቀረች። ልብሶቹ መሃል ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ተሰቅሏል። የዋጋው ወረቀት ከእጅጌው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ይኼ ካፖርት» አለች።

«የወርቁ ነው። ዝጊው።»

ወርቁ ባላቸው ነበሩ። ልጃቸውና ምራታቸው ጀርመን በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ነው የሞቱት። ያኔ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ዘመዱንም ጎረቤቱንም አንድ በአንድ አስምለዋል፦ ለሰይፉ ትንፍሽ የሚል የለም። ሰው አገር ነው፤ ማን ይደግፈዋል? ማን ያስተዛዝነዋል? ሰይፉ ሲደውል «አባትህ ተኝቷል» ይሉታል፤ ሌላ ቀን «ሐይቅ ዳር ወጣ ብሏል»፤ ሌላ ቀን «ጆሮው ከብዶ ስልክ አይሰማም»። ካፖርቱ በሰው እጅ የመጣው ያኔ ነው። ሐዋሳ ላይ የሱፍ ካፖርት ማን ይለብሳል? ግን ሰይፉ ደውሎ ጠየቀ። «ካፖርቱ እንዴት ሆነለት?» እሳቸውም እንባቸውን ውጠው፣ «ልክ ሆነለት፤ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሳመ» አሉት። ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ነበር።

«ልክ ሆነለት አሉት» አለች ዕፀገነት ካፖርቱን እያየች። «አጠገቡ ነበርኩ፤ ሰምቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበለው? እንዲሰበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀና አሉ።

«ባቡር ውስጥ አንድ የሐዋሳ ልጅ አግኝቶት፣ አባትህን ነፍስ ይማር አለው፤ የሚያውቅ መስሎት። ቤት ሲገባ መልኩ የሰው መልክ አልነበረም። ፍራሹን ከአልጋ አውርጄ መሬት ላይ ዘረጋሁት። እኔና እሱ ተቀመጥን። ሌላ ሰው የለም፤ እኔው ለቀስተኛ፣ እኔው እድር። ሲጮህ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ በር ላይ ቆመው ሲጠይቁኝ፣ ከድንጋጤ የተማርኩት ቋንቋ ሁሉ ጠፋብኝ። ሁለት ቃል ብቻ ቀረኝ፦ አባት፣ ሞተ። አረፈ የሚል ቃል አልነበረኝም እማማ። አንደኛው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አልቅሱ አለን።»

«ቀስ ብላችሁ?»

«ቀስ ብላችሁ። ካፖርቱን ለአባቱ ብሎ አስቀድሞ ገዝቶት ነበር፤ አፉን እሱ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ሲያበቃ አጥፎ ላከልዎት። እናቴ ይኼን ስታይ መናገር አይቀርላትም፣ ትነግረኛለች አለኝ።» እጇ ካፖርቱን ሳይነካ ወረደ። «ልክ ሆነለት ሲሉት ስልኩን ዘግቶ፣ እኔ ከሞትኩ ለእናቴ አንቺ ራስሽ ንገሪያት፤ እንደኔ ከመንገደኛ እንዳትሰማ፤ አታለሳልሺባት አለኝ። ማይልኝ ብሎ አስማለኝ። እኔ ሽማግሌ መላክ አቅቶኝ አይደለም የደወልኩልዎት።»

ሹራቡን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ይቅር በይኝ አላሉም። እንዲያውም በሩ ሲዘጋ፣ «አፏ ደግሞ» አሉ ለራሳቸው። ግን ቁም ሳጥኑን አልዘጉትም።

በሳልስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞላ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ፍራሹ ላይ እግራቸውን እንደዘረጉ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ካፖርት አለ።

«በዚህ ሙቀት ወለቴ?» አለች ሮማን።

«ተይኝ።»

ዕፀገነት ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ናት። ሻንጣዋ ተዘግቶ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ሁሉም አይቶታል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከጠዋት ጀምሮ ልጅቷን ሊጠሩ አስር ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አስር ጊዜ ዘግተውታል። ትንሽ ትቆይ። አሁን ሰው ይበዛል። ንፍሮዋን ትብላና።

ይህን ሲሉ ጠሀ መጣ። ጠሀ የሰይፉ የሱቅ ጎረቤት ነው፤ መንገድ ሄዶ ቀብሩ አምልጦታል። በሩ ላይ ሃሴት አስቆመችው።

«አንተ ከየት ነህ?»

«አሁን ከሻሸመኔ መግባቴ ነው፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «አባቢን አየኸው?»

ጠሀ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን አያቸው። ያኔ ስለ ወርቁም ካስማሏቸው አንዱ እሱ ነበር፤ ሰይፉ ሲደውልለት «አባትህ ደህና ናቸው» ያለ ሰው ነው። ምን እንደሚጠበቅበት ገባው።

«አየሁት» አለ። «መንገድ ተዘግቶበት ነው። ኢንሻ አላህ ይመጣል።»

«አየሽ እማ?» ሃሴት በአፍንጫዋ ሳቀች። «መንገድ ተዘግቶበት ነው።»

ዕፀገነት ተነሳች። ማንንም አልተናገረችም። «ነይ ሃሴት፣ ጫማሽን አድርጊ» አለችና ወደ ሻንጣው ሄደች።

«ሃሴት» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። ድምፃቸው ሻከረ። «እኔ ዘንድ ነይ መጀመሪያ።»

ልጅቷ መጥታ የተዘረጋው እግር አጠገብ ቆመች።

«አባትሽ ሻሸመኔ አይደለም። ጠሀ አላየውም። እኔን አይቶ ነው እንዲህ ያለው።»

«ታዲያ የት ነው?»

«አባትሽ...» ካፖርቱን ጨበጡት። «አርፏል።»

ሃሴት ቅንድቧን ሰበሰበች። «ደክሞት ነው?»

«አይ... አዎ፣ ደክሞት ነበር።»

«ካረፈ በኋላ ይመጣል?»

ሮማን ፊቷን አዞረች። ዕፀገነት የሻንጣውን እጀታ እንደያዘች ቆማለች፤ አልረዳቻቸውም። ስንት ዘመን በዚህ ቃል ለቅሶ ደርሰዋል፤ ቃሉ እንዲህ ባዶ መሆኑን አላወቁም ነበር።

«አይመጣም» አሉ። «ሞቷል። አባቢ ሞቷል፣ ልጄ። እናትሽ ያለችሽ ነው እውነቱ።»

የልጅቷ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሮጣም የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተቀበረች። ለቅሶዋ ከፍ አለ። ቀስ በይ ያላት የለም።

ዕፀገነት ልጅቷን አቅፋ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ መሃል ድንኳኑ ላይ ቆመች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀና ብለው አላዩዋትም። እግራቸውን ግን ሰበሰቡ፤ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው። ጎናቸው ያለው ፍራሽ ባዶ ሆነ። ዕፀገነት መጥታ ተቀመጠች።

ሴቶቹ ሙሾውን አነሱት፤ ድንኳኑ በጩኸት ተናጋ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ካፖርቱን ወደ ፊታቸው አነሱና አፋቸውን ሱፉ ውስጥ ቀበሩ፤ ከአጠገባቸው ያለችው ዕፀገነት እንኳ ድምፃቸውን አልሰማችም።