የሰልፉ ጭራ

ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ጮኸ። አቶ ተኽላይ እስክሪብቶውን ወረወሩት።

"አሁን ደግሞ ምን አድርግ ይለኛል?"

"ውሃ ጠጣ ነው የሚልህ፣ አቦይ" አለች ልጃቸው ሰምሃል ጫማዋን እያሰረች። "ከዚያ አምስት ደቂቃ በረጅሙ መተንፈስ። ከዚያ መጻፍ።"

"ስድሳ ዓመት ስተነፍስ አስታዋሽ አላስፈለገኝም።"

የደም ግፊትዎ ጨምሯል ከተባሉ ወዲህ ቀናቸውን በስልኩ ደወል በሰዓት የከፋፈለችው እሷ ናት። ለመጻፊያም መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስገባችላቸው። የሚጽፉት የአንድ ጭነት መዛኝ ታሪክ ነው፤ ራሳቸውም ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ሲመዝኑ ኖረዋል። ሥራ ላይ ሳሉ አርባ ገጽ ደርሰው ነበር። ጡረታ ከወጡ ሰባት ወር ሆናቸው፤ አንድ መስመር አልጨመሩም። መዛኙ ከውጭ የመጣ የሬሳ ሣጥን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ የሟቹ እናት ፊት እንደቆመ ቀርቷል።

"ጸጥ ያለ ቤት አለህ። ጊዜ አለህ። ምን ጎደለህ?"

"ባውቀው እነግርሽ ነበር።"

"እስከ እሁድ ካልሄደልህ ደብተሩን እቆልፍበታለሁ። ከሱ ጤናህ ይበልጣል።"

በሩን ዘግታ ወጣች። ምሳ ዕቃዋን ረስታዋለች።

አቶ ተኽላይ እያጉረመረሙ ዕቃውን አነሡ፤ ደብተሩን እንደ ልማዳቸው ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ሰሚት ታክሲ መያዣው ላይ ሲደርሱ ሰልፉ ተጠማዝዞ ሱቆቹን አልፏል። ሰምሃል መሐል ላይ ናት። ዕቃውን ሲሰጧት ከኋላዋ ያለችው ሴት ጮኸች።

"ፋዘር! እኛ ለጌጥ ነው የቆምነው?"

"ምሳ ላቀብል ነው።"

"ሁሉም ምሳ ሊያቀብል ነው የሚገባው!"

ሰው ሳቀ። ተራ አስከባሪው ኪዱ ዱላውን እያወዛወዘ መጣ። "ጋሽ ተኽላይ! ጠፉ እኮ። ግን ወይ ይሰለፉ፣ ወይ ከመስመሩ ይራቁ። ከሰው ያጣሉኛል።"

"እሰለፋለሁ!" አሉ በንዴት።

"አቦይ፣ የት ልትሄድ?" አለች ሰምሃል። አቶ ተኽላይ ሄደው ከጭራው ቆሙ።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ከፊታቸው ያለው ሰውዬ የታክሲውን መዘግየት ይራገማል። ከኋላ ሁለት ሴቶች የጎሮ የቤት ኪራይ ላይ ይከራከራሉ። ደብተሩ መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ መጻፍ እንደጀመሩ አላወቁም።

"መዛኙ ኪሎውን አልጻፈም። 'ስሙ ማን ነበር?' ሲል እናቲቱን ጠየቃት።"

አንድ እርምጃ። ሁለት መስመር። ሌላ እርምጃ። አርባውም ገጽ እዚሁ፣ እንዲሁ ቆመው፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ የተጻፈ ነበር። እስከ ዛሬ ልብ ብለውት አያውቁም። ሰምሃል ተሳፍራ ስትሄድ ቀና አላሉም።

"ቦሌ! ቦሌ! ጋሽ ተኽላይ፣ ተራዎ ደርሷል፣ ይግቡ!"

ደብተሩ ላይ እናቲቱ ገና መልስ አልሰጠችም። ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ የዕረፍት ሰዓት ነው። አውጥተው አጠፉት።

"ግቢ፣ ልጄ" አሏት ከኋላቸው ያለችውን።

"ኧረ ምን ነካዎት?" አለ ኪዱ። "ለዚህ ነው አንድ ሰዓት የቆሙት?"

አቶ ተኽላይ ጣታቸውን ገጹ መሐል እንዳስገቡ ወደ ሰልፉ ጭራ ተመለሱ።