የጠባሳው ሣጥን

አለቃችንን «ላሳያችሁ» የምንለው በክፋት አይደለም። ቤተ ሙከራችን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ኑ ላሳያችሁ!» እያለ ሴሎች የሚያድጉበትን የሙቀት ሣጥን ይከፍታል። አንጀቴ እርር ይላል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የታላቅ ወንድሜ እግር ነዋ! እሳት ያቃጠለው እግሩ ጠባሳ ብቻ ሆኖ፣ ደም ስለማይደርሰው ቁስሉ አልድን ካለ ሦስት ዓመቱ። ከጠባሳው ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወስደን፣ ሴሎቹን ወደ ደም ሥር ሴልነት እየለወጥን ነው። ከተሳካልን ቁስሉ ላይ እንተክላቸዋለን። የወንድሜ ሐኪም ደግሞ «ሁለት ወር እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እግሩ ይቆረጣል» ብሏል።

የሣጥኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሴሎቹ ይጎዳሉ። ይህን ለላሳያችሁ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

«አንድ ደቂቃ እኮ ናት!» ይለኛል።

«ዶክተር፣ ደቂቃዋ ለእርስዎ ናት አንድ!»

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሴሎቹ ተያይዘው ቀጫጭን ቱቦ መሥራት ጀመሩ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ግን ከሚያድጉበት ሳህን ተላቀው ይንሳፈፋሉ፤ ሞተዋል።

በንዴት ጦፌ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው ጋ ሄድኩ። ሣጥኑ ማን በካርዱ እንደከፈተው ይመዘግባል።

«የሃያውን ቀን አትምልኝ! ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!»

አተመና ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጆሮውን አከከ።

«ብትተዪው አይሻልም፣ እህቴ?»

ነጠቅኩት። ላሳያችሁ፣ አራት ጊዜ። እኔ፣ ሰባ ስድስት ጊዜ።

ስገባ፣ ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ልወጣ ስል። በሕይወት አሉ ወይ ብዬ እኮ ነው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ለወንድሜ ደወልኩ።

«ሌላ ቁራጭ መውሰድ አለብን።»

«ያ አለቃሽ ነው አይደል? ገደላቸው?»

አዎ ማለት እንዴት በቀለለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ። ደህና መሆናቸውን ለማየት ስከፍት፣ ስከፍት...»

አንድ ወር ከምናምን እንደቀረን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔስ ብትይ» አለ፣ «ድኖ እንደሆነ ልይ እያልኩ ፋሻውን በቀን አሥር ጊዜ እፈታው የለ?»

«አትንካው አላልንህም!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት፤ ሰባ ስድስት።