መረጃ ሰጪዋ አልተባበረችም

ፀጉር ሠሪዋ የልጇን የመጀመሪያ ጥናት ለመስማት ፀጉር ቤቷን በጊዜ ዘጋች። ጥናቱ ስለ ራሷ ፀጉር ቤት ነበራ፤ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ባዶውን እያለ ደንበኞች ለምን እዚህ ወረፋ ይጠብቃሉ? እሷ ብትጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እጄ ነዋ!» ይህንኑ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ለልጇ ስትተርክ፣ ፀጉራቸው እስኪደርቅ ካስክ ሥር የተቀመጡትንም «ንገሯት እንጂ» እያለች ስትጎተጉት ሰንብታለች።

ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤተሰቡ «ምሁሯ» የሚላት ልጅ ግን የጨነቃት ቋንቋው ነበር። የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች ተውሳ አነጋገራቸውን አንድ በአንድ ቀዳች። «ይጠብቃሉ» የሚለው «የመጠበቅ ሁኔታ ተስተውሏል» ሆነ፤ እናቷም «መረጃ ሰጪ አንድ» ሆና አረፈችው። እነዚያ ጽሑፎች ውስጥ «አየሁ» የሚል ሰው የለም፤ ነገሩ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይስተዋላል።

እናት ብዙው ባይገባትም የልጇ አፍ እንዲህ ሲከብድ ደስ ብሏት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ልጅቷ የጥናቱ ውስንነት ላይ ደረሰች፦ «በመረጃ ሰጪዎች ፈቃደኛ አለመሆንና አለመተባበር ምክንያት...»

«ማነው ያልተባበረው?» አለች እናት።

«እማ፣ እንዲሁ የሚጻፍ ነው። ሁሉም ላይ አለ።»

«ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያወራሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ነሽ፤ ግን...»

«እሺ፣ ካልሽ።» ማበጠሪያዎቿን ልታጥብ ተነሳች። ይህች ሴት ነገሩን በሁለት ቃል ከተወችው ከልቧ ከፍቷታል ማለት ነው።

ጽሑፉ በማግስቱ ለመምህሩ ይሰጣል። ልጅቷ ያንን ዓረፍተ ነገር ብታወጣው የምሁር ወግ ሊጎድልባት ነው፤ ብትተወው በገዛ እናቷ ላይ መዋሸቷ ነው። ሰረዘችና እንዲህ ጻፈች፦ «መረጃ ሰጪዋ እናቴ ናት። ስለምወዳት የማዶውን ፀጉር ቤት በትክክል መመዘኔን እጠራጠራለሁ።» እየፈራች ሰጠች።

ጽሑፉ ሲመለስ መምህሩ ከዚያ ሥር አስምረው እንዲህ ጽፈው ነበር፦ «ውስንነት ማለት ይህ ነው። ያመንኩሽ እዚህ ጋ ነው። ሌላውንም እንዲህ አድርገሽ ጻፊና አምጪ።»

ፀጉር ቤቱ ሄዳ ለእናቷ አነበበችላት። እናት የያዘችውን ፎጣ አጣጥፋ ስታበቃ ወደ ማዶ ተመለከተች።

«እንግዲያስ ይሄንንም ጻፊው» አለች። «የማዶዋ እጅ ከኔ ይሻላል። እኔ ጋ የሚጠብቁት ለጨዋታው ነው።»

ያን ሁሉ ቀን ስታወራ ይህን አንዴም አልተነፈሰችም ነበር።