ሠላሳ ሁለት ጌጅ

የጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ላሜራው ይሳሳል። እኔ ቆርቆሮ ሠሪው ይህንን ለአሰበ ተፈሪ ሰው ስናገር ስንት ዘመኔ፤ አሁንስ መረረኝ። ጫት ነጋዴው፣ ገበሬው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሁሉም ትልቅ ቁጥር ይወዳል። ሃያ ስድስት ጌጅ ከሠላሳ ሁለት ጌጅ ይወፍራል ብላቸው፣ «መስዑድ ደክሞታል» እያሉ ያዝኑልኛል። ደግሞ ቁጥሩም ቢሆን አይታመንም፤ የአንዱ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ከሌላው ሃያ ስድስት በውፍረት አይገናኝም። ስለዚህ የተጻፈውን ትቼ ጠርዙን በውፍረት መለኪያዬ፣ በካሊፐር እለካለሁ።

ገበሬው ዘይኑዲን ከመቻራ ወዲያ ካለው መንደሩ ላሜራ አስጭኖ የመጣው የውሃ ታንከር እንድሠራለት ነው። በመንደር ምስረታ ከወንዝ ዳር ተነሥተው ጋራው ላይ ከሰፈሩ ወዲህ፣ ሚስቱ ሰዓዲያ ውሃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ወገቧ ተጎዳ። ሐኪም ሸክም ከልክሏታል። የዝናብ ውሃ ቢጠራቀምላት ታርፋለች ብሎ ነው።

ለካሁት። ሠላሳ ሁለት ነው። ውሃ ሲሞላበት ሆዱ ተነፍቶ በመገጣጠሚያው ይቀደዳል።

ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። በገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ዕጣ ሲወጣ ለእሱ ሃያ ስድስት፣ ለጎረቤቱ ለበክሪ ሠላሳ ሁለት ደረሳቸው። በክሪ የሰዓዲያን ሕመም ስለሚያውቅ፣ ቁጥሩ የበዛውም የሚወፍር ስለመሰለው፣ «እኔ ለበር ነው የምፈልገው፣ ወፍራሙን አንተ ውሰድ» ብሎ ለወጠው። ልውውጡ እንዲጸና ፋቲሃ ቀርተው፣ ዱዓ አድርገው ተለያዩ።

ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ። ሂድና መልስልኝ በለው ልለው ስል፣ በክሪ ሃያ ስድስቱን በሩ ላይ በምስማር መትቶ እንደጨረሰ ነገረኝ። የተበሳሳ ላሜራ ደግሞ ውሃ አይይዝም። የግዴን እውነቱን አስረዳሁት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ኦቦ መስዑድ፣ ለበክሪ እንዳትነግረው» አለኝ። «ከራሱ ቀንሶ የሰጠኝ ነው የሚመስለው።»

ሁለት ሁለቱን ደርቤ ብሠራው እንደሚጠነክር፣ ነገር ግን ታንከሩ በግማሽ እንደሚያንስ ነገርኩት። ግማሽ ታንከር ዝናቡ ካቆመ ብዙ አይቆይም። ከዚያ በኋላ ሰዓዲያ ምን ልትሆን ነው አልኩት።

በእነሱ መንደር ውሃ የሚቀዳ ወንድ የልጅ መሳቂያ ነው፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«ከተረፈው ባልዲ ሥራልኝ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «በሴት ልክ አይደለም። በእኔ ልክ።»

የታንከሩን ላሜራ ወደ ጎን አድርጌ መጀመሪያ ባልዲውን መቁረጥ ጀመርኩ።