የሐሙስ መርፌዎች

በመገናኛው ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ማማረር የተለመደ ሥራው ነበር። ከላይኛው መስመር የሚመጣው ባቡር ያራግፈውና፣ ወደ ወደቡ የሚወስደው ሌላ ባቡር እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተጎልቶ ይጠብቃል። ሰዓቱን ያያል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ የባቡር ድርጅቱን ይራገማል።

የማያማርሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አንዷ በየሐሙሱ ወደ ወደቡ ከተማ ክሊኒክ እየሄደች የመነጽር ልክ የምትወስድ ባለሙያ ናት። ሌላዋ አማቷ ናቸው፤ ከሐዲዱ ማዶ፣ ሰማያዊ መዝጊያ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ መጋረጃ ሰፊ።

ሁለቱን ያዛመዳቸው ሰው ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እሱ በሕይወት ሳለ አማትና ምራት እሳትና ጭድ ነበሩ። ምራት «ልጃቸውን የዳሩልኝ ሳይሆን ያዋሱኝ ይመስላቸዋል» ትል ነበር። አማትም «የሰው ዓይን ትለካለች እንጂ በራሷ ዓይን ማየት አታውቅም» ይሉ ነበር፤ ይህም ለምራት ደርሷታል። ከቀብሩ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። የልጅ ልጅ የለ፣ የሚካፈሉት ንብረት የለ፤ የሚጠያየቁበት ሰበብ ጠፋ።

ሰበቡን ያመጣው ባቡሩ ነው። አንድ ሐሙስ አማት የሰፉትን መጋረጃ በባቡር ሊልኩ ወደ ጣቢያው ብቅ ሲሉ ምራታቸውን አግዳሚው ላይ አገኟት። አጠገቧ ተቀመጡ። የሚሉት ነገር ቢያጡ ከቦርሳቸው መርፌና ክር አወጡና፣ «እስቲ አስገቢልኝ፣ ዓይኔ እምቢ ብሏል» አሏት። አስገባችላቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ መርፌው ሦስት ሆነ። ቀጥሎ መርፌ የተሰካባት ትንሽ ትራስ ይዘው መጡ፤ የሳምንቱን ሥራ የምታዳርስ። ምራት ልካቸውን ወስዳ መነጽር አሠራችላቸው። መርቀው ተቀበሉ፤ መርፌዎቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። እሷ ክር ስታስገባ እሳቸው ያወራሉ፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ አንዳንዴም ስለ እሱ፤ ልጅ እያለ ባቡር ሲያልፍ ጆሮውን ትቶ ዓይኑን ይሸፍን እንደነበር።

ከዕለታት በአንዱ ሐሙስ የመድረኩ ኃላፊ ማስታወቂያ ሊለጥፍ መጣ። መንገደኛውን ሲያጣድፍ ስለሚውል ሁሉም «ቶሎቶሎ» ይለዋል።

«እህቴ፣ ምሥራች» አላት ለምራት። «ከመጪው ሳምንት ጀምሮ መጠበቅ ቀረ። አንዱ ሲገባ ሌላው እዚሁ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ጥሩ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው ብቻ? እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ሲደርስ የኛ ባቡር ገና ቆሞ ነበር እኮ። እትዬ፣ እርስዎም ከዚህ ብርድ ተገላገሉ።»

«ተገላገልኩ» አሉ አማት፣ ዓይናቸውን ከትራሷ ሳያነሡ።

የዚያን ቀን «ሐሙስስ እንግዲህ?» ያለ አልነበረም። ምራት ባቡሩ ውስጥ ሆና፣ ክር የሚያስገባላቸው አጥተው ነው እንጂ እኔን ብለው አይመጡም ስትል አሰበች። አማትም ቤታቸው ገብተው፣ ባቡር አጥታ ነው እንጂ እኔን ብላ አትቀመጥም አሉ ለራሳቸው።

በሳምንቱ ባቡሩ ሲገባ የወደቡ ባቡር እውነትም በመድረኩ በሌላው ጎን ቆሞ ነበር። መንገደኛው እየተጋፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። አማት አግዳሚው አጠገብ ትራሷን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«አልመጣም ብዬ ነበር» አሉ። «መርፌዎቹ ግን ባዶ ናቸው።»

«ይስጡኝ፣ ቶሎ ላስገባልዎት።»

ቦርሳዋን በክንዷ እንዳንጠለጠለች፣ ቆማ ጀመረች። ክሩ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እያለፈ እምቢ አላት። ጫፉን በምራቋ አርሳ እንደገና ሞከረች። አለቃዋ ትናንት «ባቡሩ ከፈጠነ አንቺም ፈጥነሽ ግቢ፤ ሰዎቹን ቀደም አድርጌ ቀጥሬያቸዋለሁ» ብሏታል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አማት።

«እማማ፣ አሁን ተረት አይንገሩኝ።»

ቶሎቶሎ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠግቶ አያቸው። «እህቴ፣ በሩ ሊዘጋ ነው።»

አማት መርፌውን ከጣቷ ወሰዱ። ግንባራቸው ላይ የነበረውን መነጽር ዝቅ አድርገው ክሩን በአንዴ አስገቡት። ሌላም መርፌ መዘው አስገቡ።

«ይኸው። ሂጂ፣ እንዳያመልጥሽ። ስለ እኔ አታስቢ።»

ምራት መርፌዎቹን አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚችሉት?»

«መነጽሩን ከሰጠሽኝ ጀምሮ። አንቺ ለክተሽው እንዴት አያሳየኝ?»

«ታዲያ ያ ሁሉ መርፌ?»

«ከሥራ የተረፈውን ክር ረቡዕ ረቡዕ ከመርፌዎቹ መዝዤ አወጣዋለሁ። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ?»

ፊሽካው ተነፋ። ምራት አልተንቀሳቀሰችም። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«አመለጠሽ» አሉ አማት ደንግጠው።

«አመለጠኝ።»

«ዓይንሽ እያየ?»

«መለካት እንጂ ማየት አታውቅም ይሉ የለ?»

አማት ሳቃቸውን ሊውጡት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ምራት ወደ ክሊኒኩ ደወለች። «ባቡር አምልጦኝ ነው» አለች። አለቃዋ ሲጮህ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ በመጨረሻ የምሳ ሰዓቷን ሠርታ ልታካክስ ተስማሙ።

«አምልጦኝ ነው አለች» አለ ቶሎቶሎ፣ መድረኩን እያቋረጠ። «አባረርኩት አትልም።»

«ጎህ ሲቀድ ከእኛ ከተማ የሚነሣው ባቡር አሁንም አለ?» አለችው።

«አለ። እሱን ማን ነካው? ግን በሱ ከመጣሽ እዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ትጎለቻለሽ።»

«እጎለታለኋ።»

«ስንት ስብሰባ ተቀምጠን ያሳጠርነውን ሰዓት» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ።

«እንቅልፍሽስ?» አሉ አማት።

«ባቡሩ ውስጥ እተኛለሁ።»

«ተኝተሽ ጣቢያው ቢያልፍሽስ?»

«በዚህ ሰውዬ ፊሽካ የሚተኛ ሰው አለ?»

አማት ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ሰማያዊ መዝጊያ አዩ። በእነዚያ ሁሉ ሐሙሶች ወደዚያ እንሂድ ያለ አልነበረም።

«የሚቀጥለው እስኪመጣ ቤት እንግባ» አሉ። «እዚህ ይበርዳል።»

ከመነሣታቸው በፊት ግን ያስገቡትን ክር ከሁለቱም መርፌዎች መዘው አወጡና ትራሷን ለምራታቸው አስያዟት።